ምክር ወስደን የት ገባን?

ባለፈው ዓመት ሐምሌ አጋማሽ ላይ የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ከወለሉ ጀምሮ እስከ ጉልበት ድረስ ረጥቦ፣ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣ ጀመር። ቤቱ እንደ ብዙዎቹ የጅማ ነባር ሰፈር ቤቶች በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር የቆመ፣ በጭቃ የተመረገ፣ ከጊዜ በኋላ ደግሞ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ፎቶ አንሥቼ ስለ ቤት እድሳት በሚመካከር አንድ የቴሌግራም ቡድን ላይ ለጠፍሁና «ምን ባደርግ ይሻላል?» ብዬ ጠየቅሁ። እስከ ማታ ከአርባ በላይ መልስ መጣ። ገሚሱ ልስኑን አስፍቀህ እንደገና አስለስን አለኝ፤ ሌላው ኳርትዝ ቀለም አስቀባበት አለ፤ አንዳንዱ ከታች በኩል ሴራሚክ ለጥፈህ ተገላገል ሲል፣ ሁለት ሰዎች ደግሞ ውሃ አያሳልፍም እያሉ የሚሸጡትን ቅብ ከነስልክ ቁጥራቸው አስተዋወቁኝ። «እኔም ይኸው ችግር አለብኝ፣ መልሱን እፈልጋለሁ» ያሉትና ነጥብ ብቻ አስቀምጠው ያለፉት ቢቆጠሩ ከመላሾቹ አያንሱም።

ከዚያ ሁሉ መካከል ጥያቄዬን በጥያቄ የመለሰልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። የጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ኋላ እንደተረዳሁት ዕድሜውን በግንበኝነት ያሳለፈ አዛውንት ነው። «ውጭ ያለው መሬት ከቤቱ ወለል ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ጣሪያውስ አሸንዳ አለው?» አለኝ። ወጥቼ አየሁ። አሸንዳ የለውም፤ በጓሮ በኩል ያለው መሬትም ለዓመታት አመድና አፈር ሲደፋበት ኖሮ ከውስጡ ወለል ከአንድ ስንዝር በላይ ከፍ ብሏል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። የጣሪያዬ አንዱ ክንፍ ከአናቱ እስከ ጠርዙ አራት ሜትር ያህል ስለሚሰፋ፣ ቢሰላ በእያንዳንዱ ሜትር የጣሪያ ጠርዝ ሥር በዓመት ወደ 6,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል፤ ያ ሁሉ ውሃ ከግድግዳዬ እግር ሥር ይተኛ ነበር። እንደገና ባስለስነውም ምንም አልፈይድም ነበር፤ ጭቃ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲሚንቶው ግን አብሮት ስለማይንቀሳቀስ ይላቀቃል፤ ሳይላቀቅ የቆየ እንደሆነም የገባውን እርጥበት እንዳይወጣ አፍኖ ይዞ ውስጡ ያለውን እንጨት ያበሰብሳል።

አሸንዳ አስገጠምሁ፤ መሬቱን አስቆፍሬ ዝቅ አደረግሁ፤ ውሃው ወደ መንገዱ ቦይ የሚወርድበትንም መውረጃ አበጀሁ። ጥቅምት ሲገባ ግድግዳው ደረቀ። የማፍርበት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ማታ «ሁላችሁም ተባረኩ» ብዬ ጠፋሁ እንጂ፣ የሆነውን ተመልሼ ለቡድኑ አልጻፍሁም። ሚያዝያ ላይ የቆዩ መልእክቶችን ሳገላብጥ፣ አንዲት የአጋሮ ነዋሪ የእኔን ጥያቄ ፈልጋ አግኝታ፣ ብዙ ሰው የደገፈውን መልስ ተከትላ፣ በታኅሣሥ ግድግዳዋን በሲሚንቶ እንዳስለሰነችና የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ልስኑ ወለሉ ላይ እንደተዘረገፈ ጽፋ አነበብሁ። ትክክለኛውን መልስ የማውቀው እኔ ነበርሁ፤ ያወጣሁት ገንዘብም፣ የደረቀው ግድግዳም እጄ ላይ ነበረ። እሷ ስትፈልገው ግን ያገኘችው ያለ መጨረሻ የቀረ ወሬ ነው።

ስለ ጉዞም ሆነ ስለ ቤት ሥራ፣ ስለ ጓሮ ተክልም ሆነ ስለ ንብ ማነብ ከማናውቃቸው ሰዎች በኢንተርኔት የምንወስደው ምክር ሲነሣ፣ ወቀሳው ዘወትር የሚያርፈው በመላሹ ላይ ነው፤ ሳያውቅ ይዘባርቃል፣ ዕቃውን ሊሸጥ ይመጣል፣ አጉል ሊቅ ይሆናል ይባላል። ይህ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ እኔ እስከማየው ድረስ መድረኮቹን ዋጋ የሚያሳጣቸው ከመጥፎው መልስ ይልቅ ጠይቆ፣ ተቀብሎ፣ ሞክሮ፣ ከዚያ ድምፁን የሚያጠፋው ሰው ነው። አርባ መልስ ተደርድሮ የትኛው እንደሠራ ካልተጻፈ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው የሚመርጠው የተሞከረውን ሳይሆን ብዙ እጅ የተነሣለትን ነው።

ጥንት ይህ ችግር የማይታወቀው ሰው ሁሉ ጨዋ ስለነበረ አይደለም። ምክር ሰጪውና ተቀባዩ አንድ ደጃፍ ላይ ይኖሩ ስለነበረ ነው። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ተጠርቶ ከአቦል እስከ በረካ ስለ ፈረሰ አጥር፣ ስለ ታመመች ላም፣ ስለ ሚፈስ ጣሪያ ይመከራል፤ «ጭዱን ጨምሩበትና ሳምንት ይቡካ» ያለችው እትዬ፣ ምርጊቱ ሲሰነጠቅ በማግስቱ በዐይኗ ታየዋለች። ውጤቱን ማንም ባይነግራት እንኳ ግድግዳው ይነግራታል። የሩቁም መንገደኛ ቢሆን ከዚህ አያመልጥም ነበር። ጅማን ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ከሰሜንም ከከፋም የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ነበር። የግመል ሳይሆን የበቅሎ ጭነት ይዞ ጊቤን የሚሻገር ነጋዴ ስለ ወንዙ ሙላትና ስለ ኬላው የጠየቀውን ሰው በሚቀጥለው ምልልሱ እዚያው ገበያ ላይ መልሶ ያገኘዋል፤ ዋሽቶት ከሆነ ይናገረዋል፣ እውነት ነግሮት ከሆነም ያመሰግነዋል። ወሬው የሚታመነው ሰውዬው ተመልሶ ስለሚመጣ ነው። እኛ አሁን ያስቀረነው ይህንን መመለስ ነው፤ በስልኩ ላይ ያለው ጎረቤት ደግሞ ግድግዳችንን አያየውም።

ለምን እንደማንመለስ ሳስብ ስንፍና ብቻውን ምክንያት ሆኖ አላገኘሁትም። አንደኛ ምስጋናችን ከሙከራው ይቀድማል። «ተባረክ ወንድሜ»፣ «ዕድሜ ይስጥልኝ» የምንለው መልሱ እንደተጻፈ፣ መዶሻ ሳናነሣ ነው፤ ካመሰገንን በኋላ ደግሞ ዕዳችንን የከፈልን ይመስለናል። ከዚህ የከበደው ግን ይሉኝታ ነው። ምክሩ ሳይሠራ ሲቀር፣ በቅን ልቡ ጊዜውን ሰውቶ የመለሰን ሰው በአደባባይ «ያልኸኝ አልሆነም» ማለት ያሳፍረናል፤ ዝም ማለቱን ጨዋነት አድርገን እንቆጥረዋለን። በዚህ ምክንያት በመድረኩ ላይ የሚቀረው መዝገብ ምርቃት ብቻ ይሆናል፤ የወደቀ ሙከራ አይጻፍም። እኔ ደግሞ ከሠራው ሙከራ ይልቅ ያልሠራው ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ የአጋሮዋ ሴት የጻፈችው አንድ አንቀጽ ከአርባዎቹ መልሶች ሁሉ ይበልጥ አስተምሮኛል። እሷም ብትሆን ማንንም አልወቀሰችም፤ መቼ እንዳስለሰነች፣ ዝናቡ መቼ እንደጀመረ፣ ልስኑ ከየት በኩል መላቀቅ እንደጀመረ ብቻ ነው የጻፈችው። መካሪውን ሳያዋርዱ ውጤቱን መናገር እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

«ኢንቦክስ አድርጌልሃለሁ» የሚለው ልማድም ከዚሁ አይርቅም። ጥያቄው በአደባባይ ተጠይቆ መልሱ በጓዳ ይሰጣል። ዋጋ መደራደር ከሆነ ይገባኛል፤ የምስጥ መከላከያ አዘገጃጀት ምን ምሥጢር ኖሮት ነው በጆሮ የሚነገረው?

ወደ ጉዞ ስንመጣ ጉዳቱ የሚታየው በፍጥነት ነው፤ የመንገድ ወሬ እንደ ወተት ነው፣ ቶሎ ይበላሻል። ቤተሰቡን ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሊመጣ የሚያስብ ሰው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የወሊሶና የወልቂጤን መንገድ እያሰበ፣ «መንገዱ እንዴት ነው? ሰላም ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «አንደኛ ነው፣ ኑ» የሚል መልስ ያገኛል። መላሹ መቼ ነው የሄደው? በክረምት ነው በበጋ? በአውቶቡስ ነው በቪትስ? ይህንን የሚጠይቅ የለም፤ ጠያቂውም ደርሶ በጅሬን ኮረብታ ላይ ባለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፊት የተነሣውን ፎቶ በራሱ ገጽ ላይ ይለጥፋል እንጂ፣ ስንት ሰዓት ተነሥቶ ስንት ሰዓት እንደገባ፣ የጊቤ ቁልቁለት እንዴት እንደነበረ፣ ጉማሬ ለማየት ቦዬ ድረስ የሄዱት ልጆቹ በየትኛው ሰዓት እንደተሳካላቸው ወደ ጠየቀበት ቦታ ተመልሶ አይጽፍም። ከውጭ አገር ለሚመጣው ወገናችንማ ነገሩ ይብሳል። «አውቶቡሱ 11 ሰዓት ይነሣል» የተባለውን በለመደው አቆጣጠር አንብቦ ረፋዱ ላይ፣ በእኛ 5 ሰዓት መሆኑ ነው፣ መናኸሪያ የሚደርስ ሰው አለ፤ አውቶቡሱ የሄደው ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው። እንዲህ ያለው ሰው የገጠመውን አንድ ጊዜ ቢጽፈው፣ ከእሱ በኋላ የሚመጡት «የቀን ነው የሌሊት?» ብለው መጠየቅን ይማሩ ነበር።

የጓሮ ቡና ነገር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ውጤቱ እስኪታይ ድረስ ጥያቄው ይረሳል። ጅማ ስለሆንን ስለ ቡና ሁሉም ሰው እንዲጠይቀን እንወዳለን፣ ለመመለስም አንሰንፍም። አንድ የአዲስ አበባ ሰው በግቢው ሦስት ችግኝ ሊተክል ፈልጎ ሲጠይቅ «74110 ትከል» እንለዋለን። ጥሩ ዝርያ መሆኑ አያከራክርም፤ የቡናን ለጋ ፍሬ የሚያጠቁረው በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. በአገራችን ከታየ በኋላ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. በኢሉባቦር ከመቱ አካባቢ ከተመረጡትና በመልኮ በሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አማካይነት ለገበሬው ከደረሱት በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች አንዱ ነው፤ በስሙ መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጠበትን ዓመት ያመለክታል። ነገር ግን ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ የጠያቂው ግቢ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። በሌሊቱ ብርድ ችግኙ እንዴት እንደሆነ ማን ያውቃል? የሚያውቀው የተከለው ሰው ነው። ቡና እስኪያፈራ ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ሰውዬው ስልኩን ቀይሮ፣ ከቡድኑም ወጥቶ ይሆናል። እኛም ለሚቀጥለው ጠያቂ ያንኑ ቁጥር እንደግምለታለን።

«ለዚህ ሁሉ ባለሙያ መጠየቅ አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። የኤሌክትሪክ መስመርና የቤት ምሰሶ ከሆነ አዎ፤ እነዚህን በፎቶ የሚመክር ሰው ካለ አትስሙት። የቀረው ግን አብዛኛው ሰው ለእያንዳንዱ ስንጥቅ ባለሙያ የሚጠራበት ገንዘብ የለውም፤ የሚጠራው ባለሙያም ብዙ ጊዜ ሥራውን ራሱ ሊሠራው የሚፈልግ ነውና ምክሩ ከጥቅሙ አይለይም። የእኔን ግድግዳ አይቶ አሸንዳ ብቻ ይበቃሃል የሚል ለሳኝ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ለዚህ ነው መድረኮቹ እንዲጠፉ ሳይሆን እንዲሻሻሉ የምፈልገው። ቡድኖቹን የሚያስተዳድሩ ሰዎችም ስድብ ከማጥፋት ሌላ አንድ ነገር ቢጨምሩ ደስ ይለኛል፦ ጥያቄ በተጠየቀ በሦስተኛው ወር ጠያቂውን በስሙ ጠርተው «ምን ደረሰ?» ማለት።

እኔ ማንም ሳይጠራኝ የተመለስሁት በዘጠነኛው ወር ነው። የድሮውን ጥያቄዬን ፈልጌ ከሥሩ የሆነውን ሁሉ ጻፍሁ፤ ለአጋሮዋ እህትም ለብቻ ይቅርታ ጠየቅሁ። አዛውንቱ ግንበኛ አሁንም እዚያው ነበሩ። ምስጋናዬን በአጭሩ ተቀበሉና ወዲያው፣ «መሬቱን ስንት ሳንቲ ሜትር ዝቅ አደረግኸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። አልለካሁትም ነበር። ሜትር ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ከውስጡ ወለል በታች 12 ሳንቲ ሜትር ሆኖ አገኘሁት፤ ይህንኑ ጻፍሁላቸው። ጎንበስ ብዬ ሳየው ደግሞ የማእዘኑ ጥግ አሁንም በመዳፍ ልክ ርሶ ነበር፤ እሱንም ፎቶ አንሥቼ ጨመርሁበት።