በርሜሉን ማን ከፈተው?

ባዕድ ነገር ቀላቅሎ መሸጥ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን በርበሬና ቅቤ ነው። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት የሚጨምር ሰው የሚያደርገውን ያውቃል። ዳኛውም አይቸገርም። መድኃኒት ላይ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2022 በኢንዶኔዥያ ከ200 በላይ ሕፃናት ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞቱ። ጣቱ የተቀሰረው ለትኩሳትና ለሳል በሚሰጡ ሽሮፖች ላይ ነው። ሽሮፕ ውስጥ መድኃኒቱን የሚያሟሟ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል ፈሳሽ ይገባል። ኤቲሊን ግላይኮል ደግሞ የመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር መርዛማ ፈሳሽ ነው። ሁለቱ በዓይን አይለዩም። መርዙም ይጣፍጣል፤ ዋጋው ግን ርካሽ ነው።

ከተከሰሱት አንዱ አፊ ፋርማ የተባለ ፋብሪካ ነበር። በክሱ መሠረት ከተረከበው ፈሳሽ ከ96 እስከ 99 በመቶው ኤቲሊን ግላይኮል ነው። ይሄ መበረዝ እንኳ አይባልም፤ ጭራሽ ሌላ ዕቃ ነው! ፋብሪካው ግን አልመረመረውም። አቅራቢው የሰጠውን ወረቀት አምኖ ሽሮፑን ሠራ። በ2023 ዋና ሥራ አስፈጻሚውና 3 ኃላፊዎች 2 ዓመት እስር ተፈረደባቸው።

ብዙ ሰው «ቅጣቱ ይክበድ» ይላል። ኡዝቤኪስታን በተመሳሳይ በተበከለ ሽሮፕ ለደረሰ የ68 ሕፃናት ሞት አንዱን ተከሳሽ 20 ዓመት ፈርዳበታለች። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የዓመቱ ብዛት አይደለም። በ2024 ሥራ ላይ የዋለውን የሕንድ የወንጀል ሕግ እንይ። የእኛም ፋርማሲዎች መደርደሪያ በሕንድ መድኃኒት የተሞላ ስለሆነ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። አንቀጽ 276 መድኃኒት የሚበርዝን ሰው እስከ 1 ዓመት እስር ወይም እስከ 5,000 ሩፒ ይቀጣል። ለሞት ካደረሰ በመድኃኒት ሕጉ እስከ ዕድሜ ልክ የሚያስቀጣበት መንገድም አለ። አንቀጽ 276 የተጻፈው ግን የበርበሬ ነጋዴውን አስቦ ይመስላል፦ እያወቀ የቀላቀለውን። ፈሳሹ የመጣበትን በርሜል ሳይፈትሽ የተጠቀመውስ? «እኔም ተታልያለሁ» ይላል።

ለእኔ አለመመርመሩ ራሱ ወንጀል መሆን አለበት፤ ማንም ባይሞት እንኳ። ትንንሽ ፋብሪካዎች «ወጪ በዛብን» ማለታቸው አይቀርም። ይበሉ። ሁለቱን ፈሳሾች የሚለይ ቀላልና ርካሽ ምርመራ አለ።

የአፊ ፋርማ ጠበቃ ደንበኞቻቸውን ሲከላከሉ የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጥሬ ዕቃን በጥብቅ መመርመር አያስገድድም ነበር ብለዋል።