ይድረስ ለቆሞ ቀሩ 61 በመቶ

ለክቡር 61 በመቶ
ባሉበት (እንደማይንቀሳቀሱ ስለማውቅ ሌላ አድራሻ አልጠየቅኩም)

ጉዳዩ፦ በዊንዶውስ 11 መጫኛ ስክሪን ላይ ከያዙት ወንበር ስለመነሳት

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከደንበኞቼ ንዝንዝና ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ።

ምናልባት አላስታወሱኝ ይሆናል። ፊት ለፊት ቁጭ ብለን ስንት ሰዓት ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ግን ትልቅ ሰው መች ባለጉዳይ ያስታውሳል? ጅማ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ በሚወስደው መንገድ ላይ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ያለኝ ሰውዬ ነኝ። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በረንዳ ላይ የሚቆምባት ቤት። እርስዎ ግን ከነአጃቢዎችዎ ሰተት ብለው ገቡ። አጃቢ የምላቸው አጠገብዎ ሲሽከረከሩ የሚውሉትን ነጫጭ ነጠብጣቦች ነው። ገቡና ተመቻችተው ተቀመጡ።

ነገሩን ከሥሩ ላስታውስዎት። ዊንዶውስ 10 በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ወጥቶ አሥር ዓመት አገለገለን። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አበቃ። ያን ዕለት ማሽኑ ቀጥ አላለም፤ ይሠራል። ግን ቫይረስ የሚያስገባ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝበት እንደ ድሮው እየተከታተለ የሚደፍንለት የለም። ይሄ ለሌላው ሰው ተራ ወሬ ሊሆን ይችላል። እኔ ቤት ግን በቀን ስንት ፍላሽ ይሰካል! ከዶርም የመጣ አለ፣ ከቡና ነጋዴ ቢሮ የመጣ አለ፣ ባለቤቱ ራሱ ከየት እንዳገኘው የማያውቀው አለ። ይሰካና ሲከፈት ፎልደሩ በሙሉ በቫይረስ ሾርትከት ሆኖ ይጠብቃል። «ጋሼ፣ ፋይሌ የታለ?» ይሉኛል። እኔ ደብቄው ነው እንግዲህ። ስለዚህ ወደ 11 ልሻገር ማለቴ ቅብጠት አልነበረም።

መስፈርቱንም አሟልቼ ነው የመጣሁት። 4 ጊጋ ራም ሲባል አለ። 64 ጊጋ ማከማቻ ሲባል አለ። ማሽኑ ሲነሳ ባዕድ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚጠብቀው ሴኪዩር ቡትም አለ። ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕ ብቻ ባዮስ (ከዊንዶው በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጦ ነበር፤ ገብቼ ከፈትኩት። እኛ የጅማ ሰዎች ግብር ሰጥቶ በሰላም ማደርን ከአባ ጅፋር ተምረናል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ እየገበሩ አገራቸውን ከጦርነት አተረፉ፤ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ጅሬን ላይ ቆሟል። እኔም የተጠየቅኩትን ሁሉ ገበርኩ። ምኒልክ ግብሩን ተቀብለው ሰውየውን ከነዙፋናቸው ተዉአቸው። እርስዎ ግብሩንም በሉ፣ እኔንም ያዙ።

ደግሞ ሲጀምሩ እንዴት ያለ ቀልጣፋ ሰው ነበሩ! ከ1 እስከ 30 እየሮጡ ወጡ። 40ንም 50ንም ዞር ብለው ሳያዩ አለፉ። ጎረቤቴ እትዬ በረንዳዬ ላይ ቡና ያፈላሉ። ብቅ ብለው አዩና «ዛሬስ ቶሎ ሊያልቅልህ ነው» አሉኝ። አቦል ሲቀዳ 58 ነበሩ። ቶናው ሲደርስ 61 ገቡ። በረካውም ተጠጣ፣ ስኒው ታጥቦ ረከቦት ላይ ተደረደረ፣ ጀበናው ተደፋ። 61። እትዬ ዕጣኑን ሲያጠፉ በሐዘን አይተውኝ ወጡ።

ከሥርዎ «ኮምፒውተርዎን አያጥፉት» የሚል ትእዛዝ አለ። «ኮምፒውተሩ ደጋግሞ ሊነሳ ይችላል» የሚልም አለ። እሱስ አልተነሳም። ደጋግሜ የተነሳሁት እኔ ነኝ፤ አንዴ ሶኬቱን ለማየት፣ አንዴ በረንዳ ላይ ወጥቶ ለመተንፈስ።

ከዚያ አማካሪ ፈላ። ዝናብ ሊጠለል የገባ የባጃጅ ሾፌር ገና ውሃውን ከራሱ ላይ ሳያራግፍ «ፎርማት አድርገው!» አለ። ይህ ልጅ ጎማው ቢተነፍስም ፎርማት የሚያደርገው ይመስለኛል። አንዱ «ኢንተር ተጫነው እስቲ» አለ። ተጫንኩት። ሌላው «ሙቀት ነው» ብሎ የሳጥኑን ጎን ዳበሰው። ጥራዝ ልታሠራ የመጣችው ተመራቂ ደግሞ ምንም አላለችም። ፍላሿን በሁለት እጇ ይዛ እርስዎን ብቻ ታያለች። ነገ ለአማካሪዋ የምታስረክበው ወረቀት ነበራት። እንደሷ ያለ ሰው ፊት ንቅንቅ አለማለት እንዴት ያለ ልብ ይጠይቃል?

አንድ ቡና ነጋዴ አባትም ነበሩ፤ ውል ሊያስጽፉ የመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠረግ ጠረግ አድርገው መልሰው አጠለቁና ለረጅም ጊዜ አዩዎት።

«ልጄ፣ ይሄ ቁጥር ደሞዝ ይከፈለዋል?»

መልሱን ለክቡርነትዎ ትቼዋለሁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ሲታዩ ሒሳብ መምሰልዎ ነው። 61 ሲባል ሰው 39 ቀረ ብሎ ያሰላል። በ20 ደቂቃ እዚህ ከደረሰ በሌላ 13 ደቂቃ ያልቃል ብሎ ለደንበኛው ቃል ይገባል። እርስዎ ግን ከሰዓት ጋር ዝምድናም የለዎት። የሚቆጥሩት የታለፈውን የሥራ ደረጃ ነው። ፋይል መገልበጥ አንድ ደረጃ ነው። ድራይቨሮቹን፣ ማለትም ዕቃዎቹን ከዊንዶው ጋር የሚያግባቡትን ፕሮግራሞች፣ ከአዲሱ ዊንዶው ጋር ማስማማት ሌላ ነው። የሰዉን ሰነድና ፕሮግራም ወደ አዲሱ ቤት ማዛወር ደግሞ ሌላ። አንዱ በደቂቃ ያልቃል፤ አንዱ ሰዓት ይበላል። ሃርድ ዲስኩ የድሮው፣ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነማ ሌሊቱም አይበቃው። እርስዎ ለሁሉም ያው አንድ ፊት ነዎት። ሥራ ላይ ሲሆኑም 61፣ ሞተውም 61።

ስለዚህ እርስዎን ማየት ትቼ አምፖሏን ማየት ጀመርኩ። ማብሪያው ቁልፍ አጠገብ አንዲት የስንዴ ፍሬ የምታክል አምፖል አለች። ሃርድ ዲስኩ ሲሠራ ብልጭ ድርግም ትላለች። ብልጭ ድርግም እስካለች ድረስ ሰው ታግሶ ይጠብቅ፤ ውስጥ ሥራ አለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እየሠራ ያለውን ማሽን ቆመ ብሎ ያጠፋውና የራሱን ጣጣ ያመጣል። አምፖሏ ለብዙ ሰዓት ካልበራች፣ ነጠብጣቦቹም ደርቀው ከቀሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የኔዋ እስከ ማምሻው ድረስ ብልጭ ስትል ነበር። ከዚያ ጭልም አለች። አጃቢዎችዎም ባሉበት ደረቁ። እውነቱን የነገረችኝ አምፖሏ ብቻ ናት፤ እሷም ደሞዝ የላትም።

ምን ላድርግ እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ መብራት ሄደ። የጅማን ዝናብ መቼም አያውቁትም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ተጯጩሆ ነው የሚነጋገረው። ዩፒኤሱ፣ መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ዕቃ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል የራሱን ጩኸት ጨመረ። ባትሪው ከመርካቶ የተገዛ ነው፤ ዕድሜውን ራሱ ሻጩም አያውቀውም። እንግዲህ ምርጫ አልነበረም። የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኜ ያዝኩና አጠፋሁት። ትእዛዝዎን ጣስኩ።

መብራት ሲመጣ አበራሁት። ደግነቱ አሮጌው ዊንዶው ቂም አልያዘም። «የተደረገውን ለውጥ በመመለስ ላይ» ብሎ እየተንፏቀቀ ወደ 10 መለሰኝ። የተማሪዎቹ ፋይል እንዳለ ነው። በመጨረሻም አንድ ወረቀት አቀበለኝ፤ 0ኤክስሲ1900101 የሚል የስህተት ቁጥር የተጻፈበት። ለሰው ምንም የማይል ቁጥር ነው። ለሚያውቀው ግን ጠቡ አብዛኛውን ጊዜ ከድራይቨር ጋር መሆኑን ይናገራል። ታዲያ ይህን እዚያው 61 ላይ ሆነው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

ጭራሽ የራስዎ መዝገብ አለዎት። ሲ ድራይቭ ላይ ተደብቆ የተቀመጠ ፎልደር፣ በውስጡ ደግሞ ፓንተር የሚባል ሌላ ፎልደር፣ እዚያ ውስጥ የስህተት መዝገብ። የደረሰብዎት ሁሉ በሰዓትና በሰከንድ ተጽፏል! ሴትአፕዳያግ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ይሄንን መዝገብ አንብቦ ጥፋተኛውን ይጠቁማል። ጠቆመኝ። የስካነር ድራይቨር። ስካነሩን እኮ ለአንድ የአጋሮ ሰው ከሸጥኩት ቆየሁ። ዕቃው ሄዷል፣ ድራይቨሩ ግን ከወንበሩ አልተነሳም። የእርስዎ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም።

ሳጥኑን ዞር አድርጌ ጀርባውን አየሁት። ፕሪንተር፣ ሌላ ፕሪንተር፣ ካርድ አንባቢ፣ የዋይፋይ መቀበያ፣ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ እና ማን እንደረሳው የማይታወቅ ፍላሽ። አቧራውም የዋዛ አይደለም። ሁሉንም ነቀልኩ። ኪቦርድ፣ ማውዝና ስክሪን ብቻ ቀሩ።

ቀጥሎ ሲ ድራይቭ። ቀዩን መስመር ነክቷል። ከፍቼ ሳይ የተማሪ ሪሰርች ነው። «ፋይናል» የሚል አለ። «ፋይናል ላስት» የሚል አለ። «ፋይናል ላስት የመጨረሻው ይሄ ፕሪንት ይደረግ» የሚል አለ። የአንድ ሰው ነው ሁሉም። መሰረዝ አልደፈርኩም፤ ከቀረው ሰነድ ጋር ወደ ውጫዊው ዲስክ ገለበጥኩና ቦታ አስለቀቅኩ። ገልብጬ ስጨርስም ዲስኩን ነቀልኩት።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። የስካነሩን ድራይቨር አጠፋሁ። ከውጭ የመጣውን አንቲቫይረስ ለጊዜው አስወጣሁት፤ እንዲህ ያለ ዘበኛ አዲሱን እንግዳም ሌባ ነው ብሎ በር ላይ ያንቀዋል። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት በአስተዳዳሪ ስም ከፍቼ ዲአይኤስኤምንና ኤስኤፍሲን አስሮጥኩ፤ የተበላሸ የዊንዶው ፋይል ካለ የሚጠግኑት እነሱ ናቸው። መጫኛው ማሻሻያዎችን አሁን ላውርድ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አይ አልኩት። ኢንተርኔቱንም ነቀልኩ። አንዳንዴ የሚቆመው በመሀል ከውጭ የሚያወርደውን ሲጠብቅ ነውና።

እሑድ ጠዋት እንደገና ተጀመረ። እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ገብተው ጎኔ ቆሙ። 58 አለ። 60 አለ። እርስዎ ብቅ አሉ። እትዬ «በስመ አብ» አሉ። ዓይኔን ወደ አምፖሏ ወርውሬ ስመልስ 64 ሆኗል። በቃ። ያን ሁሉ ዘመን የተቀመጡበትን ወንበር ከመቅጽበት ለቀቁ። 62ና 63ን ጭራሽ አላየኋቸውም።

ክቡርነትዎ፣ አሁን ማሽኑ ዊንዶውስ 11 ላይ ነው። አሮጌው ዊንዶው ዊንዶውስ ኦልድ በሚባል ፎልደር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ካልተመቸኝ በ10 ቀን ውስጥ ወደሱ መመለስ እችላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ይጠረጋል። ተመራቂዋም ወረቀቷን አስጠርዛለች፣ ሌላ ቤት ሄዳ።

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ወደፊት ሌላ ሰው ቤት ሄደው ሲቀመጡ፣ መቀመጥዎ ላይቀር፣ ምክንያቱን ጽፈው ይቀመጡ። «በስካነር ድራይቨር ምክንያት ቆሜያለሁ» ቢሉ ማን ይቀየምዎታል? ስክሪኑ እንደሆነ ባዶ ነው፣ ቦታ ሞልቷል። እኛ አገር እንኳ «ሲስተም የለም» ተብሎ መስኮት ላይ ይለጠፋል። ሰው አንብቦ፣ ተራግሞ፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
ደጅ ጠኚዎ

ግልባጭ፦
ለ62 በመቶ፣ መኖራቸው ሲረጋገጥ
ለ99 በመቶ፣ ለጥንቃቄ ያህል
ለባጃጅ ሾፌሩ፣ ፎርማት እንዳልተደረገ እንዲያውቀው