ፒት ዎሉ ሐዋሳ ፒያሳ ነው

የፎርሙላ ዋን መኪና ውድድር ቡድኑ ማክላረን እስካሁን የቅጥር ደብዳቤ አለመላኩ ያሳፍራል። ሐዋሳ ፒያሳ ላይ፣ በአንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት የሚሠራ የስትራቴጂ ክፍል (ቡድኖቹ ትራኩ ዳር ተቀምጠው የሚወስኑበትን ፒት ዎል ይሉታል) በረንዳ ሙሉ ተቀምጦ እያለ፣ እንግሊዝ አገር ዎኪንግ ላይ ለመሐንዲስ መዓት ደመወዝ መክፈል ምን የሚሉት ቅብጠት ነው? የዎኪንጎቹ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠው ሲያሰሉ ውለው ይሳሳታሉ። የእኛዎቹ አያሰሉም፣ አይሳሳቱምም። ምስጢሩ ፍርድ የሚሰጡት መኪኖቹ ከቆሙ በኋላ መሆኑ ነው። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ብለው የተረቱ አባቶች ይህን ጥበብ ንቀውት ነበር፤ ጅቡ ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ መጮህ ምን እንደሚያስከፍል የሚያውቀው ግን ውሻው ነው።

የ2025 የፎርሙላ ዋን ሲዝን የእነዚህ ሊቃውንት ዘመን ነበር። በተለይ ኅዳር።

ላስ ቬጋስ ቅዳሜ ማታ ሲሮጥ እኛ ዘንድ እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ቀኑ ኅዳር 14፣ የነቢያት ጾም ቅበላ። የሬድ ቡሉ ቬርስታፐን አንደኛ፣ የማክላረኑ ኖሪስ ሁለተኛ፣ ራስል ሦስተኛ ገቡ። የበረንዳው ሊቅ 3 ሰዓት ላይ መጥተው ሻምፒዮናውን ዘጉት። ኖሪስ የቡድን ጓደኛውን ፒያስትሪን በ30፣ ቬርስታፐንን በ42 ነጥብ ይመራል፤ የቀሩት ኳታርና አቡዳቢ ብቻ ናቸው፤ አለቀ። ድምሩ ልክ ነበር። ይህን ብለው ወደ ቅበላ ሥጋቸው ሄዱ።

ከሰዓታት በኋላ ሁለቱም ማክላረኖች ከውጤት ተሰረዙ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ መኪና ሆድ ሥር ፕላንክ የሚሉት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይገጠማል። አዲስ ሲሆን ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከውድድር በኋላ ሲለካ ከ9 በታች መገኘት የለበትም። መኪናው ለመሬት በቀረበ ቁጥር ከወለሉ ሥር የሚያልፈው አየር ወደ አስፋልቱ ይበልጥ ይስበዋል፤ ኩርባ ላይም ይፈጥናል። ገደብ ባይኖር ሁሉም መኪናውን እንደ ሰሌን ያነጥፈው ነበር። ፕላንኩ ከልኩ በላይ ዝቅ ያለውን የሚያሳብቅ ምስክር ነው። የማክላረን መኪኖች ቡድኑ ከገመተው በላይ እየነጠሩ ሰሌዳቸውን አስፋልቱ ፈጋቸው፤ ሲለካ የኖሪስ እስከ 8.88፣ የፒያስትሪ እስከ 8.74 ወርዶ ተገኘ።

በረንዳው ላይ የቀሩት የሰጡት ቴክኒካዊ ማብራሪያ አጭር ነበር፦ "ለ0.12 ሚሊ ሜትር? የወረቀት ውፍረት እኮ ነው!" እውነታቸውን ነው፣ የወረቀት ውፍረት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ለካ ስለ ዳኞቹ ኖሯል። ሊቁ ደግሞ በማግስቱ ወሬው ሲነገራቸው፣ ፊታቸው ላይ አንዳች ሳይነበብ፣ "በዓይኔ ያየሁትን ማን ይሰርዝብኛል?" ብለው ፋይሉን ዘጉ።

በሳምንቱ ኅዳር 21፣ ኳታር። ሰዓታችን ከዶሃ ጋር እኩል ስለሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በረንዳው ጢም ብሏል፤ ጾም በመግባቱ ግን ማኪያቶው ወደ ሻይ ወርዷል። የሎሳይል ኩርባዎች ረጅምና ፈጣን ናቸው፤ አብዛኞቹም ወደ ቀኝ ስለሚታጠፉ የግራ ፊት ጎማ አበሳውን ያያል። ስለዚህ ማንኛውም ጎማ ከ25 ዙር በላይ እንዳይሮጥ ተወሰነ። ውድድሩ 57 ዙር ነው። በ7ኛው ዙር ሁልከንበርግና ጋስሊ ተጋጩ፣ ሴፍቲ ካር ወጣ። እዚህ ላይ የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ይበቃል፦ 7 ላይ 25 ሲደመር 32፣ 32 ላይ 25 ሲደመር 57። በ7 ጎማ ሊቀይር ፒት የገባ ሰው በ32 አንዴ ቢደግም እስከ መጨረሻው ይደርሳል። ግጭቱ በ6ኛው ዙር ቢሆን ኖሮ አንድ ዙር ይጎድል ነበር። በዚያ ላይ ሴፍቲ ካር ሲወጣ ሁሉም ስለሚያዘግም፣ ፒት የገባ የሚያጣው ጊዜ በእጅጉ ያንሳል። ሁሉም ማለት ይቻላል ተግተልትሎ ገባ። ሁለቱ ማክላረኖች አልገቡም። ሌላው አንዱን ቅያሪ በቅናሽ ሲገዛ፣ ማክላረን ሁለቱንም በሙሉ ዋጋ ከፈለ። ቬርስታፐን አሸነፈ፣ ፒያስትሪ ሁለተኛ፣ ኖሪስ አራተኛ።

በ7ኛው ዙር ላይ በረንዳው ምን ይል ነበር? "ሬድ ቡል ዛሬ ለየለት! ገና ሻይ ሳይቀርብ ጎማ ይቀየራል?" በ57ኛውስ? "አላልኳችሁም!" ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ጎሚስታ፣ በጥቀርሻ በጠቆረ ጣቱ ደረሰኝ ገልብጦ፣ ሦስቱን ቁጥሮች ጻፈና ወደ ሊቁ ገፋ አደረገው።

"ጋሼ፣ ሰባትና ሃያ አምስት ስንት ነው?"

"ሂሳብ አታምጣብኝ ልጄ፣ እኛ የምናወራው ስለ ሩጫ ነው።"

የበረንዳው ግራ ክንፍ ወዲያው ምርመራ ከፈተ። ውሳኔው፦ ተሽጧል። ማክላረን ፒያስትሪን ያስቀረው እንግሊዛዊውን ኖሪስን ለማንገሥ ነው። ኖሪስ አራተኛ ወጥቶ መሪነቱ መሸርሸሩስ? እሱም የሴራው አካል ነው፤ እንዳይታወቅ። ሁለት ሾፌሮቹን በአንድ ምሽት ጎድቶ ተቀናቃኙን የሚጠቅም ሴራ ለመሸረብ ከባድ ጭንቅላት ይጠይቃል። ሰባት ላይ ሃያ አምስት ለመደመር የተሳነው ቡድን ይህን አቀነባብሯል ብሎ ማመን ደግሞ ከዚያ የከበደ።

የሞተር ብስክሌቱ ጠረጴዛ የራሱ ሊቃውንት አሉት፤ የቆመ ሞተራቸውን እያዩ በረንዳው ጫፍ የሚቀመጡት። የ2025 ሞቶጂፒ ሲከፈት፣ ታይላንድ ቡሪራም ላይ፣ ማርክ ማርኬዝ ሲመራ ቆይቶ ድንገት ጋዙን ቀነስ አድርጎ ታናሽ ወንድሙን አሌክስን አሳለፈ። ጠረጴዛው ለመመርመር ግማሽ ዙር አልፈጀበትም፦ ሞተሩ ከዳው፤ የለም፣ 32 ዓመት ሞልቶታል፣ ደክሞታል፤ የለም፣ ለወንድሙ ሊለቅለት ነው፣ ደም ነው።

ነገሩ የነፋስ ነበር። ሕጉ የፊት ጎማ ግፊት ቢያንስ በውድድሩ 60 በመቶ ዙሮች ከ1.8 ባር እንዳይወርድ ያዛል። ከፊት ብቻውን የሚነዳ ሰው ጎማው በንጹሕ አየር ስለሚቀዘቅዝ ግፊቱ ዝቅ ይላል። ከሌላ ሞተር ጀርባ የተጠጋ ግን የፊተኛው የሚተፋውን ሙቀት ስለሚጠጣ ጎማው ይግላል፣ ግፊቱም ይወጣል። ማርኬዝ ወንድሙን እንደ ምድጃ ተጠቀመበት። ከጀርባው ሲሞቅ ቆየና መጨረሻው ሲቃረብ አልፎት አሸነፈ። ሌላው ሞተረኛ ቪኛሌስ ምድጃ ስላላገኘ ሚያዝያ ላይ ኳታር ሁለተኛ ገብቶ፣ 16 ሰከንድ ተደመረበትና 14ኛ ሆነ። "ለነፋስ?" አለ ጠረጴዛው። ሌባ መያዙ ሳያንስ የተሰረቀው ነፋስ!

1.8 ባር በጎሚስታ መለኪያ 26 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ይህን የሚጠቅስ ሊቅ በረንዳው ላይ የለም፤ መለኪያ የደካሞች ነው። የእነሱ መሣሪያ አውራ ጣት ነው። ከመነሣታቸው በፊት የፊት ጎማቸውን በጣታቸው ጨቆን አድርገው "ይበቃዋል" ይላሉ። ነፋሱ ያነሰ ጎማ መሪውን ያከብዳል፣ ሁለት ዳሩን ይበላል፣ ይግላል። የበዛበት መሐሉን ብቻ ይጨርስና ካፊያ ሲጥል ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል። ለካም ካሉ ጠዋት ሳይነዱ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ ከጥቁር ውኃ ነድቶ መጥቶ የለካ ሰው የሚለካው የአስፋልቱን ሙቀት ነው። ግን ይህ ዝርዝር ለጎሚስታ እንጂ ቪኛሌስን ሲገሥጽ ለዋለ ሰው አይመጥንም።

ዋንጫ የሚቆጥሩበትንም ዘዴ ሳናመሰግን ማለፍ ነውር ነው። በ2024 ሞቶጂፒ ባኛያ 11 የእሑድ ውድድር አሸነፈ፣ ማርቲን 3፤ ሻምፒዮኑ ግን በ508 ለ498 ማርቲን ነው። "11 ከ3 አይበልጥም?" ይላሉ፣ እውነትም ይበልጣል። ወድቆ ያልጨረሰ ሰው ዜሮ እንደሚያገኝ፣ ስፕሪንት የሚሉት የቅዳሜው አጭር ውድድርም ለአሸናፊው 12 ነጥብ እንደሚሰጥ ማንሣት ጨዋታ ማበላሸት ነው።

ኅዳር 28 አቡዳቢ ላይ ቬርስታፐን አንደኛ፣ ፒያስትሪ ሁለተኛ፣ ኖሪስ ሦስተኛ ገቡ። ኖሪስ በ423 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ፤ ቬርስታፐን 421፣ ፒያስትሪ 410። በሁለት ነጥብ! በረንዳው በጩኸት ተናጋ። የላስ ቬጋሱን ስረዛ እስካሁን ያልፈረሙበት ሊቅ ግን ጩኸቱ አልገባቸውም። የጎሚስታውን እስክሪብቶ ተቀብለው፣ ያኔ ሁለተኛ የወጣው ኖሪስ 18፣ አራተኛ የወጣው ፒያስትሪ 12 መሆኑን አስታውሰው፣ በዚያችው ደረሰኝ ላይ ጻፉ፦ ኖሪስ 441፣ ፒያስትሪ 422፣ ቬርስታፐን 421። "በ19 ነጥብ ያሸነፈ ሰው ምን ያስለቅሰዋል? ደግሞስ ሁለተኛው ፒያስትሪ ሆኖ ሳለ ቬርስታፐንን ምን አመጣው?"

ጎሚስታው ደረሰኙን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየው። ድምሩ ልክ ነው።