ለእንግዳ ብለን የጣልነው

የጎንደር ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ስሙኝ! በጥር መግቢያ እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የተፈጸመውን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

አምና አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሕንፃዎችን የኃይል አጠቃቀም ልታጠና ደብዳቤ አጽፋ፣ ማኅተም አስመትታ መጣች። ሕንፃችን ፊቱን ወደ ምዕራብ የሰጠ፣ መስታወት የለበሰ ነው። በየቢሮው የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያዎችን ሰቀለች። መሣሪያዎቹ የመዘገቡትን በሆዳቸው ይይዛሉ፤ ወደ ኮምፒውተር እስኪገለበጥ ድረስ ሌላ ቦታ አይገኝም። የመጋቢትና የሚያዝያ ሐሩር፣ የክረምቱ ቁር፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ መስታወቱን ስትመታው ክፍሉ የሚግልበት ሰዓት፣ ሁሉም እዚያ ነበር።

ጥምቀት ደረሰ። እንግዳ ይመጣልና ግድግዳው ይቀባ ተባለ። አንድ ኃላፊ «ይህን ኮተት አንሡልኝ» ብሎ አዘዘ። መለኪያዎቹ ተነቅለው ከባዶ የቀለም ቆርቆሮ ጋር በማዳበሪያ ከረጢት ወደ ቆሻሻ ገንዳ ተጣሉ። ስልኳ በደብዳቤው ላይ ተጽፎ ሳለ «ልጄ፣ መጥተሽ ውሰጂ» ያላት አልነበረም። ከበዓሉ በኋላ መጥታ በአዲሱ ቀለም ላይ እጇን እያሳረፈች ምስማሩ የነበረበትን ቦታ ስትፈልግ አየኋት። የጥበቃው አባት ብቻ «የትንኝ መድኃኒት መስሎኝ ነበር እኮ፣ ልጄ» ብለው አብረዋት አዘኑ። እኛ ከንፈር መጠን ወደየቢሯችን ገባን።

ምን ዓይነት ሰዎች ነን? ለመሆኑ እንግዳው የመጣው ማንን ሊያይ ነው? የፋሲልን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አይደለም እንዴ?

«ኤሌክትሪካችን ከውኃ ነው፤ የምድርን አየር ስለሚያሞቀው ካርቦን ምን አገባን?» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ ነው። ሲሚንቶውስ? የኖራ ድንጋይ እቶን ውስጥ ሲቃጠል፣ የማገዶው ጭስ ሳይቆጠር፣ ድንጋዩ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። መብራት ሲጠፋ የምናስነሣው ጄኔሬተርስ የሚጠጣው ናፍጣ አይደለም? አውሮፓውያን የሚያጠኑት በብርዳቸው ወራት በጋዝ የሚሞቅ ቤት ነው፤ ጥያቄያቸው የእኛ አይደለም። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው ጎንደር መስኮቱና ጥላው በወጉ ከተሠራ ማቀዝቀዣ የሚያስፈልጋት አይመስለኝም። ይመስለኛል ማለት ግን ማወቅ አይደለም። መስኮቱ በየት በኩል ይሁን፣ ጥላው ምን ያህል ይውጣ የሚለውን በቁጥር ሊነግረን የነበረው ያ የጣልነው መዝገብ ነው። አሁንም በግምት፣ የሌላ አገር ፎቶግራፍ እያየን እንገነባለን።

ያሳዝነኛል። የልጅቱ ድካም ያንገበግበኛል።

ከመምህሯ መለኪያ ተውሳ በሌላ ሕንፃ ልትጀምር ነው አሉ። በራችሁን ስታንኳኳ ክፈቱላት። የመብራት ደረሰኝ ብትጠይቃችሁ ፈልጋችሁ ስጧት። ለጽዳት ሠራተኛውም፣ ለጥበቃውም መሣሪያው ምን እንደሆነ ንገሩ። ተስፋ ማድረግ ቢታክተኝም፣ ቀለም ቀቢው መሰላሉን ሲያቆም አንድ ኃላፊ እንኳ «እሱን አትንኩት» ይላል ብዬ እጠብቃለሁ።