የዛንዚባር መድኃኔ ዓለም

«ሦስት ሰዓት ካለ ሦስት ሰዓት ነው» አሉ አክስቴ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሆቴሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል።

እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ። አስጎብኚው በስልክ የነገረኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሦስት ሰዓት ከተባለ ደግሞ በእኛ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። «እትዬ፣ ይህ ውጭ አገር ነው፤ ስድስት ይደመርበታል» ብዬ አስረዳኋቸውና ቤተሰቡን ሁሉ ወደ ባሕር ዳርቻ ነዳሁት። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ አስጎብኚው ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ።

ለካ ስዋሂሊ ተናጋሪውም ቀኑን የሚቆጥረው እንደኛው ከንጋት ነው! ጀንበር ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሞላ «ሳ ሞጃ» ይላል፤ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ሰውየው የራሱን ሰዓት ሳይቀይር በእንግሊዝኛ ነገረኝ፤ እኔ የራሴን ሰዓት ጥዬ በፈረንጅ ሰማሁት። ሰዓት አቆጣጠሩ ከእኛ ጋር የሚስማማ ሕዝብ ባገኘሁበት ቀን ሌላ ሰዓት አስሬ ጠበቅሁት። «ይቅርታ፣ የሐበሻ ቀጠሮ ሆኖብን ነው» አልኩት። ስድስት ሰዓት ለሐበሻ ቀጠሮም ቢሆን ይበዛል። አክስቴ ምንም አልተናገሩም፤ ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

የታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሩቅ አይደለችም። የአገራችን ሰው የሚሄደው ለነጭ አሸዋው ነው። አክስቴ ግን አሸዋ አይማርካቸውም፤ «ውኃ ለማየትማ ቢሾፍቱም አለ» ብለው ነበር። የመጡት አንድ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ተስማምተን ነው። ስለዚህ በአሮጌው ከተማ፣ በስቶን ታውን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፉ ጠባብ መንገዶች፣ የናስ ጉጥ በተተከለባቸው ግዙፍ የእንጨት በሮች ሥር፣ አራት ጊዜ ጠፍተን ምኩናዚኒ ከሚባለው ሰፈር ደረስን። ከተማው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2000 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እንዳይጠፉበት የሚያደርግ ምልክት ግን አላየሁም።

በሩ ላይ ክፍያ አለ። ለአገሬው ሌላ፣ ለእኛ ሌላ።

«ለቤተ ክርስቲያን መግቢያ?» አሉ አክስቴ። እኔም በአክስቴ ቁጣ ተበረታትቼ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ቀረብኩ። አፍሪካዊ መሆናችንን፣ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ እኛው ዘንድ መሆኑን፣ ቅኝ ያልተገዛን መሆናችንን በተራ ዘረዘርኩላት። እስከ ዓድዋ አልደረስኩም፤ ቲኬቱን ቆርጣ ጨርሳለች። ያኔ ላሊበላ ትዝ አለኝ። እኛ በነፃ እየገባን፣ ዶላሩን ቆጥሮ የሚከፍለውን ፈረንጅ ስናይ «ምን አለበት፣ አለው» ያልነው። በዚያች ደቂቃ፣ በኪሴ ያለውን እግዜር እያወቀው፣ «ያለው» እኔ ሆንኩ።

አክስቴ በሩ ጋ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ። አስጎብኚው እዚህ ማውለቅ እንደማያስፈልግ ቢነግራቸውም «የቆምክበት ስፍራ የተቀደሰ ነው ተብሏል» ብለው መቃኑን ተሳልመው ገቡ። እኛም እሳቸውን አፍረን አወለቅን። ከኋላችን የነበሩ ሁለት አሮጊት ፈረንጆች እርስ በርስ ተያዩና፣ የአገሩ ወግ መስሏቸው፣ ጫማቸውን ከእኛ ጎን ደረደሩ። የእነሱን ያየ ሌላ ቡድን ተከተለ። ስንወጣ ደጃፉ የሰንበት ቅዳሴ የሚካሄድበት ደብር መስሎ ነበር። ምናልባት አንዱ ዛሬ አገሩ ገብቶ «በዛንዚባር የእንግሊካን ምእመናን ባዶ እግራቸውን ነው የሚያስቀድሱት» እያለ ይተርክ ይሆናል። እኛስ ስለ ሰው አገር የምናወራው ከዚህ በምን ይለያል?

«ታቦቱ የማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ አክስቴ።

ስሙ ክራይስት ቸርች ነው፤ ታቦት የለውም ብዬ ከማስቀይማቸው «የክርስቶስ» አልኩ።

«መድኃኔ ዓለም ነው በለኛ! ንግሡስ?»

የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በ1873 በፈረንጅ ገና ዕለት ነው፤ ቀኑ በዛሬ አቆጣጠራችን ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል። «እሱማ ኪዳነ ምሕረት ናት» አሉ ፊታቸው በርቶ። ከዚያ በኋላ አስጎብኚው ስለ እንግሊካን ሚሲዮን የቱንም ያህል ቢያስረዳ፣ አክስቴ ያሉት መድኃኔ ዓለምና ኪዳነ ምሕረት ተደርበው የሚነግሡበት ደብር ውስጥ ነበር።

ያሠሩት ጳጳስ ኤድዋርድ ስቲር ይባላሉ፤ የመጽሐፍ ቅዱስን ብዙ ክፍል ወደ ስዋሂሊ በመተርጎም የሚታወቁ፣ ከመንበሩ በስተጀርባ የተቀበሩ ሰው። ሕንጻው ኮራል በሚባል፣ ባሕር ውስጥ በተፈጠረ ድንጋይ የተሠራ ነው። እኔን የማረከኝ ግን በመግቢያው በኩል ያሉት ዓምዶች ናቸው። ጳጳሱ ለጉዳይ ራቅ ብለው ሳለ ግንበኞቹ ዘቅዝቀው ተከሏቸው ይባላል፤ እግሩ ላይ፣ ራሱ ታች። ጳጳሱም ሲመለሱ አዩ፣ ተዉት። አስጎብኚው ይህን ሲነግረን ፈረንጆቹ ሳቁ። እኔና ባለቤቴ አልሳቅንም። አዲስ አበባ ቤት ያሠራ ሰው ለዚህ ታሪክ ማስረጃ አይጠይቅም። እኛ ለሦስት ቀን ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ማብሪያ በጎረቤት ቤት በኩል ወጥቶ ጠብቆናል። ግንበኛው «እንዲህም ያምራል» ብሎናል። የጳጳሱም ግንበኞች በስዋሂሊ ይህንኑ ሳይሏቸው አልቀሩም።

ከዚያ ወደ መስቀሉ ሄድን። አክስቴ ሊሳለሙት እጃቸውን ሲዘረጉ አስጎብኚው በትሕትና መለሳቸውና እንጨቱ ከየት እንደመጣ ነገረን። ዴቪድ ሊቪንግስተን የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ በ1873 በዛሬይቱ ዛምቢያ ሲሞት ልቡ የተቀበረው አንድ ዛፍ ሥር ነው፤ መስቀሉ የተጠረበው ከዚያ ዛፍ ነው።

«ልቡ ብቻ? ሌላውስ?»

ሌላውን ቹማና ሱሲ የተባሉ አገልጋዮቹ ከጓደኞቻቸው ጋር በጨው አድርቀው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ዘጠኝ ወር ያህል በእግር ተሸክመው ሕንድ ውቅያኖስ ዳር አደረሱት። ከዚያ በመርከብ ለንደን ሄዶ ዌስትሚኒስተር ተቀበረ።

አክስቴ የእድራቸው ሰብሳቢ ናቸው። የሰሙትን ለረጅም ጊዜ ሲያላምጡት ቆዩ። «ዘጠኝ ወር!» አሉ በመጨረሻ። «የእኛ እድርተኛ ከመኪናው እስከ መቃብሩ ለመሸከም ‹ወገቤን› ይላል።» ከዚያ የሁለቱን ስም እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። ቹማ። ሱሲ። የሊቪንግስተንን ስም ግን አልጠየቁም።

ይህ ሁሉ የቆመበት መሬት የባሪያ ገበያ ነበር። የዛንዚባሩ ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት ውል ፈርመው ገበያው የተዘጋው በዚያው 1873፣ በሰኔ ወር ነው፤ ሰባት ወር ሳይሞላ የቤተ ክርስቲያኑ መሠረት ተጣለ። (እንግሊዞቹ ገበያውን ካዘጉ በኋላ በ1890 ደሴቲቱን ራሷን በሞግዚትነት ያዙ፤ ሰው መሸጥ ነውር መሆኑን ያስተማሩት አገር መውሰድ ነውር ሳይሆንባቸው ነው።) ከመንበሩ ፊት ወለሉ ላይ በእብነ በረድ የተሠራ ክብ አለ። ሰዎቹ ከመሸጣቸው በፊት ታስረው የሚገረፉበት ዛፍ የነበረው እዚያ ላይ ነው ይላሉ፤ በግርፋቱ ያላለቀሰ ዋጋው ይጨምር ነበር ይባላል። አክስቴ እግራቸው ክቡን ሊረግጥ ሲል መልሰው ሰበሰቡት።

ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አለ። አንዲት ስዊድናዊት ቀራፂ የሠራቻቸው የሰዎች ሐውልቶች ከመሬት ዝቅ ብለው ቆመዋል፤ አንገታቸው ላይ ያለው ሰንሰለት የዚያን ዘመን እውነተኛ ሰንሰለት ነው። የእህቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ፣ ፀጉሯን አስተካክላ፣ ጉድጓዱን ከኋላዋ አድርጋ ፎቶ መነሣት ጀመረች። በገዛ አገራችን ለቅሶ ቤት ፎቶ ሊያነሡን የሚመጡትን ስንወቅስ የኖርን ሰዎች ምንም አላልናትም። እኔማ «ትንሽ ወደ ግራ» አልኳት።

አስጎብኚው ይህን ጊዜ ከየት እንደመጣን ጠየቀ። ስንነግረው ፊቱ ተፈታ። «ሐበሻ! ሐበሾች እኮ እዚህም ነበሩ። በሱልጣን ባርጋሽ አባት ቤት ከነበሩት ሴቶች ውስጥ ሐበሾች ነበሩ፤ የባርጋሽ እህት ልዕልት ሳልሜ ራሷ ጽፋዋለች። በውበታቸው የታወቁ ነበሩ።»

የእህቴ ልጅ ፈገግ አለች። ባለቤቴም ቀና አለች። እኔ ሳላስበው ደረቴ ተነፋ። ውበታችን ባሕር መሻገሩን ስንሰማ የማናብጥ ማን ነን? «ሰምተሻል?» አልኩ ለእህቴ ልጅ፣ የሰማችውን።

«ስለዚህም ዋጋቸው ከሌላው ይበልጥ ነበር» አለ አስጎብኚው።

ስልኩ ወረደ። ማናችንም ቃል አልተነፈስንም። ከአጠገባችን ካለው መስጊድ አዛን ተሰማ፤ ባዶ እግራቸውን የነበሩት ሁለት አሮጊቶች ጫማቸውን ለመልበስ ተደጋግፈው ያጎነብሳሉ። አክስቴ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው ቁልቁል አዩ። ቀስ ብለው ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ዘርግተው አዞሩትና፣ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገታቸው አድርገው አዘቅዝቀው ለበሱት። ለቅሶ ቤት ሲገቡ እንደሚያደርጉት።

አስጎብኚው ትንሽ ጠብቆ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እናትየው» አለኝ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልብሳቸው ተገልብጦባቸዋል፤ ንገራቸው።»