«ፎረንሲክ» የሚባል የጉምሩክ ታሪፍ የለም!

ኧረ እባካችሁ፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ኢንቮይስ ላይ «የፎረንሲክ (የወንጀል ምርመራ) ዕቃ» ብሎ መጻፍ ይቅር! የጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፉ በአብዛኛው የሚጠይቀው ዕቃው ምን እንደሆነ ነው፤ ማይክሮስኮፕን ፖሊስ ይጠቀምበት ሐኪም፣ ለምደባው ለውጥ የለውም። በዚያች ቃል ምክንያት ስንቱ ማይክሮስኮፕ መጋዘን ተቀምጦ ኪራይ ይቆጥራል።

የጥይትና የቀለሃ ማነጻጸሪያውን ማይክሮስኮፕ እንውሰድ። ሁለት ማይክሮስኮፖች በኦፕቲካል ድልድይ ተገናኝተው ሁለቱን ናሙናዎች በአንድ ዕይታ ጎን ለጎን ያሳያሉ። በታሪፍ መጽሐፉ ቤቱ የማይክሮስኮፕ አንቀጽ የሆነው 90.11 ነው። አንዱ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) የትንተና መሣሪያዎች አንቀጽ የሆነውን 90.27 ይለዋል፤ ዕቃው ግን ያጎላል እንጂ የፊዚካል ወይም የኬሚካል ትንተና አይሠራም። ሌላው «መለኪያ ነው» ብሎ 90.31 ይከተዋል። ዋና ሥራው ማጉላት ሆኖ ሳለ!

ከሁሉ የሚያንገበግበው 9006.30 ነው። እዚያ ለወንጀል ምርመራ የሚውሉ ማነጻጸሪያ ካሜራዎች ተጠቅሰዋል፤ ይህን ያየ ሁሉ ማይክሮስኮፑን ይጨምርበታል። 90.06 ግን ፊልም የሚገባበት የፎቶ ካሜራ እንጂ ማይክሮስኮፕ አይደለም። ዲጂታል ካሜራ ለብቻው ከመጣ ወደ 85.25 ይሄዳል።

መለዋወጫ ላይ ደግሞ የምዕራፍ 90ን (የኦፕቲካልና የመለኪያ መሣሪያዎችን ምዕራፍ) ማስታወሻ 2 የሚያነብ ጠፍቷል። የራሱ አንቀጽ ያለው ዕቃ ወደዚያው ይሄዳል፦ ማቀፊያ ውስጥ የተገጠመ ኦብጀክቲቭ (ወደ ናሙናው የሚዞር) ሌንስ 90.02፣ ያልተገጠመው 90.01። የናሙና ማስቀመጫ ጠረጴዛው ግን 9011.90 ነው። ሁሉንም «የማይክሮስኮፕ ዕቃ» ብሎ በአንድ መስመር ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ) ማስገባት ጥያቄ መጋበዝ ነው።

ላኪው ኢንቮይሱ ላይ የዕቃውን ዓይነት፣ የማጉላት መጠኑን፣ ስቴሪዮ (በሁለት ዓይን ጥልቀት የሚያሳይ) መሆን አለመሆኑን፣ ካሜራ አብሮት መምጣቱን ይጻፍ። ካታሎጉም ዕቃው ወደብ ሳይደርስ ይላክ።