ማስተካከያ፦ በአሜሪካ የዜግነት ፈተና አንዴ መውደቅ መቅረት አይደለም

ባለፈው ሳምንት ልጆቻቸው አሜሪካ ለሚኖሩ የጎጃም ወላጆች ስጽፍ «ከ100 ተፈታኞች 10 ያህሉ ወድቀው ይቀራሉ» ብያለሁ። ስህተት ነው። አንዲት የደብረ ማርቆስ እናት ደውለው «ልጄ ወድቋል፤ ቀረ ማለት ነው?» ሲሉኝ ከልብ አዘንሁ። አልቀረም፣ እማማ! ቁጥሩ የመጀመሪያውን ሙከራ ብቻ ያሳያል። የወደቀ ሰው ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ፣ በወደቀበት ክፍል (በእንግሊዝኛ ወይም በአሜሪካ ታሪክና መንግሥት ጥያቄዎች) ብቻ፣ ዳግመኛ ይፈተናል። በቀድሞው ፈተና ይህ ሲደመር ከ100 ሰዎች 95 ያህሉ አልፈዋል።

ከጥቅምት 10 ቀን 2018 ጀምሮ ላመለከቱ ደግሞ የታሪክና መንግሥት ጥያቄዎች ማለፊያ 6 ከ10 ሳይሆን 12 ከ20 ነው። 65 ዓመት ለሞላቸውና 20 ዓመት በቋሚ ነዋሪነት ለኖሩ ግን 6 ከ10 እንደጸና ነው፤ በአማርኛም መፈተን ይችላሉ።